ቡሌ ላይ የምታድረው ጂፕ

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ላይ ጡረታ ስወጣ ቱታዬን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ለጋራዡ ዕቃ ግምጃ ቤት መለስኩ። የዕቃ ቤት ሠራተኛዋ ዘርግታ አየችውና ሳቋ አመለጣት።

“ማዘር፣ ይሄ’ኮ ተቀዶ ለዘይት መጥረጊያ ነው የሚሆነው። ምነው ለፉ?”

“ይቀደድ። ንጹሕ ሆኖ ይቀደድ” አልኳት።

ከግቢው ስወጣ አንድ ወጣት መካኒክ ከመኪና መሪ ሥር ሽቦ ሰክቶ በእጁ የያዘውን ማሽን ያነባል። ማሽኑ የመኪናውን ሕመም በቁጥር ይነግረዋል። ቀና ብሎ አየኝና፣ “ማዘር፣ እናንተ ይሄ ሳይኖር እንዴት ነበር የምታውቁት?” አለኝ። ሊያሾፍ አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። ባጃጁ በር ላይ እየጠበቀኝ ስለነበር፣ “እንጠይቃቸው ነበር” ብዬው ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው መልሴ አላጠገበኝም። አሁን ጊዜ አለኝ። ጧት ኪዳን አድርሼ ስመለስ እግሬ በልማድ ወደ ጋራዡ መታጠፊያ ሲያዘነብል እየገሠጽኩት ቤቴ እገባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑ የኔ ነው። እስቲ ቁጭ ብዬ ልንገረው።

የተወለድኩት ጎጃም ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በመኪና ጥገና ስመረቅ ዕጣ አውጡ ተባልን፤ ለኔ የወጣው ወረቀት ላይ “ዲላ” ይላል። የት እንደሆነች አላውቅም። እናቴ መናኸሪያ ሄዳ አንዱን የከባድ መኪና ሾፌር፣ “ዲላ ከሞያሌ ወዲህ ነው ወዲያ?” ብላ ጠየቀችው። “ወዲህ ነው እማማ” ሲላት ትንሽ ተጽናናች። ሁለት ዓመት ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ መጣሁ። ይኸው ጡረታ ወጣሁባት። እናቴን እግዚአብሔር ነፍሷን ይማርና፣ እስክታርፍ ድረስ በየደብዳቤዋ መጨረሻ፣ “ዝውውሩስ ምን ደረሰ?” ትል ነበር።

በነዚህ ዓመታት ብዙ ቦታ ተመላልሻለሁ። ዱመርሶ ላይ የቡና ማጠቢያ ፓምፖችን ሞተር እየጠገንኩ ወቅቶች አሳልፌአለሁ፤ ይርጋጨፌ ዳገት ላይ ቤንዚን ቱቦ ውስጥ ፈልቶባቸው በፀሐይ የቆሙ መኪናዎችን፣ የቤንዚን ፓምፓቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ እየጣልኩ አስነስቻለሁ። ኃላፊዎችም ተፈራርቀውብኛል፤ ደጉም ክፉውም አልፏል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለእናቴ ለምልከው ይበቃ ነበር፤ ተመስገን ነው፣ ከዚያ በላይ አልናገርም። ሥራውን ያስተማረኝ ግን አንድ ሰው ነው፤ በውሉ የተማርኩትም ባንዲት ጂፕ ነው።

ሰውየው ጋሼ በራሶ ይባላሉ። የጪጩ ልጅ ናቸው፣ ጌዴኦ። ቁመታቸው አጭር፣ እጃቸው ሰፊ። አማርኛውን በትልቅነታቸው ስለተማሩት ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል፤ እኔን “ና” ይሉኛል፣ ዋና ኃላፊውን “ነይ” ያሉበትም ቀን አለ። ግቢው ሁሉ ለምዶታል፣ ማንም አይቀየምም።

አዲስ የገባሁ ሰሞን ሴት መካኒክ ለማየት ከገበያ መልስ ሰው በአጥሩ ይመለከተኝ ነበር። ጋሼ በራሶ አንድ ቀን ወደ አጥሩ ሄደው፣ “ትኬት ቆርጣችኋል?” አሏቸው። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ቀነሰ።

ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር ሲከፍቱ ልማድ ነበራቸው። መጀመሪያ ሰዓታቸውንና የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ። እጃቸውን በቤንዚን፣ ቀጥሎ በሳሙና ይታጠባሉ። ነጭ ጨርቅ ይዘረጋሉ። ከካርቡራተሩ የወጣውን እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ተራ ጨርቁ ላይ ይደረድራሉ፤ ያ ሰልፍ እስኪገጠም ድረስ አጠገባቸው ማስነጠስ እንኳ ክልክል ነው። ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ትንንሽ ቀዳዳዎች በአፋቸው ይነፏቸዋል እንጂ ሽቦ አያስገቡም። እኔ አንዴ በቀጭን ሽቦ ልጎረጉር ስል እጄን ያዙኝ።

“ቀዳዳው ጆሮ ነው። ጆሮህን በሽቦ ትጠርጋለህ?”

“አልጠርግም ጋሼ።”

“እንግዲያው ንፋ።”

አልነሳ ያለች መኪና ስትመጣ ያስተማሩኝ ይህንን ነው። ሞተር እንዲነሳ ቤንዚንና እሳት መገናኘት አለባቸው። መጀመሪያ ከሁለቱ የቀረውን ለይ፣ ከዚያ በኋላ መፍቻ አንሳ። የካርቡራተሩን አፍ ከፍተህ የቤንዚን መስጫውን በእጅህ ስትስበው ውስጥ ቤንዚን ጭል ብሎ የሚረጭ ከሆነ ደርሷል። ከዚያ እሳት ከሚያፈልቁት ካንዴላዎች አንዱን ፈትተህ ሽቦው ላይ እንዳለ የሞተሩን ብረት አስነካውና ሌላ ሰው ማስነሻውን ሞተሪኖ ያዙር። ሰማያዊ ብልጭታ ጤና ነው። ቢጫ ድካም ነው። ምንም ከሌለ ሽቦውን እየተከተልክ ወደ ኋላ ሂድ፦ እሳቱን ለየካንዴላው ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር፣ በውስጡ ሆና ኤሌክትሪኩን ወደምትከፍትና ወደምትዘጋው ፑንቲና፣ ከዚያም ኃይሉን ወደሚያበረታው ቦቢና። ካንዴላውን አሽትት፤ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና ከረጠበ ቤንዚኑ መጥቶ እሳት አጥቷል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ኮፈኑ ሳይከፈት፣ ሾፌሩን አንዲት ነገር ይጠይቁታል፦ “የት አደረች?”

እኔ ይህን እንደ ሰላምታ ነበር የማየው። ሰው “እንዴት አደራችሁ” እንደሚለው ሁሉ የሽማግሌ ወግ መስሎኝ። ሾፌሩ ሲመልስ እኔ ኮፈኑን ከፍቼ አማትቤ ሥራ እጀምራለሁ።

ስለማማተቤም ይቀልዱብኝ ነበር። እሳቸው ጴንጤ ናቸው።

“አስካለ፣ ከማማተብህ በፊት ባትሪውን እይ።”

“ሁለቱንም አያለሁ ጋሼ። እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው ሲጸልዩ ካቻቢቴ ቢጠፋ እኔ የለሁበትም።”

በጾም ወራት ግን ምሳቸውን ከመጋዘኑ ጀርባ ሄደው ነበር የሚበሉት። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ጂፕዋ ቡሌ ላይ የተመደበች የግብርና መሥሪያ ቤታችን መኪና ነበረች፤ የከብት ክትባት ባለሙያዎችን ወደየቀበሌው ታደርሳለች። ቡሌ ከዲላ ሽቅብ ነው። ዲላ በሸሚዝ የሚዋልበት ቀን ቡሌ ጋቢ ያስደርባል። ክትባት ደግሞ የጧት ሥራ ነው፤ ከብቱ ለግጦሽ ሳይወጣ ካልደረሱ ቀኑ ባከነ። ሾፌሩ ጅግሶ ይባላል፣ የዚያው የቡሌ ሰው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የአራት ልጆች አባት።

አንድ ዓመት በጥቅምት ጂፕዋ ጧት ጧት አልነሳ አለች። ጅግሶ ሰው ለምኖ ቁልቁለቱን አስገፍቶ ያስነሳታል፤ እስከዚያ ግን ከብቱ ሄዷል። ገበሬዎቹ አንዴ ጠበቁ፣ ሁለቴ ጠበቁ፣ በመጨረሻ ሽማግሌዎቻቸው ዲላ ድረስ ወርደው አቤት አሉ።

ያን ጊዜ ጋሼ በራሶ ወገባቸውን ታመው ጪጩ ቤታቸው ተኝተው ነበር። የካርቡራተር መኪና ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ጅግሶ ጂፕዋን ይዟት ወረደ፤ ግቢ ውስጥ አጠፋናት፣ እንድትበርድ ጠበቅን፣ ቁልፉን አዞርኩ። በአንድ ንክኪ ተነሳች። ቤንዚኑ ጭል ይላል። ብልጭታው ሰማያዊ ነው። ቢሆንም ካርቡራተሩን ከፍቼ አጠብኩ፣ ካንዴላዎቹን ቀየርኩ፣ ፑንቲናዋን አጽድቼ ልኬቷን አስተካከልኩና ሸኘሁት።

ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ጧት አትነሳም። እኛ ግቢ በአንድ ንክኪ ተነሳች። ቦቢናውን ቀየርኩ፣ ሽቦዎቹን ሁሉ ቀየርኩ። ላኩት። ደግሞ ተመለሰ።

ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ከሸዋ የመጡ፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሰው ነበሩ። በሦስተኛው ወደ ጂፕዋ መጥተው ራሳቸው ቁልፉን አዞሩ። ተነሳች። አጠፏት፣ ደገሙ። ተነሳች። ቁልፉን ነቅለው ኮታቸው ኪስ ከተቱት።

“ወይዘሪት አስካለ፣ አንድ ቃል ነው የምፈልገው። ጤነኛ ናት ወይስ በሽተኛ?”

“እስካሁን ያየሁት ሁሉ ጤነኛ ነው” አልኩ።

“ጤነኛ ከሆነች በሽተኛው ሾፌሩ ነው። ሰውየው ብርድ ፈርቶ ይተኛል፣ ከዚያ በመኪናዋ ይዋሻል። ጤነኛ ናት ካልሽኝ ዛሬውኑ አሰናብተዋለሁ።”

ጅግሶ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ወደ እኔ ዞረ።

“እህቴ፣ ውሸታም አይደለሁም። አንድ ጧት መጥተሽ እያት።”

እውነት ለመናገር እኔም ልቤ ከአቶ ደምሴ ጋር ነበር። እጄ የነካው ነገር ሁሉ ደህና ሲሆን ሌላ ምን ላምን? ሰውየው ግን ዓይኑን አልሰበረም፤ የሰው እንጀራ ደግሞ በኔ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። “ቡሌ ወጥቼ ጧት ልያት” አልኩ።

“ብቻሽን? አንዲት ሴት?”

“ብቻዬን አይደለሁም። እግዚአብሔር አለ። ቡሌ የምትኖር የክትባት ባለሙያም አለች፤ እሷ ቤት ማደሪያ አላጣም።”

አቶ ደምሴ ቁልፉን አውጥተው ሰጡኝ። “አንድ ሌሊት። ነገ ቃልሽን ይዘሽ ትመጫለሽ፤ ከዚያ ወዲያ አላስታምምም።”

ከመውጣታችን በፊት ጅግሶን ወደ ጪጩ እንዲነዳ አደረግሁ። ጋሼ በራሶ አልጋቸው ላይ ተጋድመው ነበር። የሠራሁትን ሁሉ በተራ ነገርኳቸው፤ ካንዴላው፣ ፑንቲናው፣ ቦቢናው፣ ሽቦው። ስጨርስ፦

“የት አደረች?” አሉኝ።

“ቡሌ ነዋ ጋሼ።”

“ቡሌ የት?”

“ጽሕፈት ቤቱ ደጅ መሰለኝ።”

“ደጁ ምን ይመስላል? ጣራ አለው? ዛፍ ነው? ሜዳ ነው?”

“አላውቅም።”

“ሲመሽ ምን ያደርጋታል?”

“አላውቅም” አልኩ፣ ድምፄ እየቀነሰ።

“እንግዲያው ግማሽዋን ቀይረሃታል፣ አታውቃትም።” ወደ ግድግዳው ሊዞሩ ሲሉ ወገባቸው ያዛቸው፤ እያቃሰቱ፣ “ሂድ። አትንካት። እያት” አሉኝ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ተቆጥተውኛል፤ እንደዚያ ቀን ያመመኝ የለም። ሁሉን የተማርኩ መስሎኝ፣ መጀመሪያ ያስተማሩኝን ትቼው ኖሯል።

ቡሌ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ከመኪናው ስወርድ የገብስ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ከጎጃም ከወጣሁ ገብስ ማሳ አጠገብ አልቆምኩም ነበር። ብርዱም የአገሬ ብርድ ነው፤ ጆሮ የሚቆነጥጥ። ነጠላዬን ተከናንቤ ትንሽ አለቀስኩ፤ ጅግሶ እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ማሳው መለስኩ። አይቶኝ ኖሮ፣ “ጭሱ ነው?” አለኝ። “አዎ፣ ጭሱ ነው” አልኩት። ጭስ የሚባል ነገር አካባቢው ላይ አልነበረም።

ጂፕዋን ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ያለው ሜዳ ላይ አቆማት። ሞተሯ ገና ትኩስ ነው። ከባለሙያዋ ቤት አድርሶኝ፣ “ደህና እደሪ፣ ጧት እንገናኝ” ብሎኝ ተመለሰ። እራት ቀመስኩ፣ ጸሎቴን አደረስኩ፣ ተኛሁ።

ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ጉሙ ከቀርከሃው ሥር ገና አልተነሳም። ሜዳው ላይ ጂፕዋን ፈለግኋት፤ በቆመችበት አንድ አረንጓዴ ክምር ነው የማየው። ጠጋ ስል ጅግሶ ከክምሩ ላይ ትልልቅ የእንሰት ቅጠል እየገፈፈ ወደ አጥሩ ይጥላል። ኮፈኑ ክፍት ነው። ሞተሩም፣ ራዲያተሩም፣ ሁሉም ነገር የቆጮ ሊጥ ለማቆየት እንደሚሸፈነው፣ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደርቦ ተጀቡኗል።

“ጅግሶ! ምን እያደረግህ ነው?”

ደንግጦ ዞረ። እንደ ሌባ የተያዘ መሰለ።

“ልብሷን እያወለቅሁ ነው።”

“ምን ልብስ?”

“ብርድ ነው እህቴ። ዘንድሮ ውርጭ ጣለ። እኔ ቤቴ ገብቼ እሳት ዳር ስተኛ እሷ ሜዳ ላይ። ሸራ ጠየቅሁ፣ የለም አሉኝ። እንሰት ግን አለ። በእንሰት የማይሸፈን ምን አለ?”

“ሁልጊዜ ታለብሳታለህ?”

“ብርዱ ከገባ ጀምሮ። ልክ እንዳቆምኳት፣ ሙቀቷ ሳይወጣ።”

አንዱን ቅጠል አነሳሁና ገለበጥኩት። የውስጡ ገጽ በውሃ ጠብታ ተሞልቷል። ነፍሴ ዘለለች፤ ግን ጋሼ በራሶ አትንካት ብለውኛል፤ “መጀመሪያ አዙራት” አልኩት። አዞረ። ሞተሪኖው እያቃሰተ፣ እየተጎተተ ዞረ፤ ሞተሩ ግን አልያዘም። ካንዴላ ፈትቼ አሸተትኩ፤ ቤንዚን ይሸታል፣ ረጥቧል። ብረቱ ላይ አስነካሁት፣ አዞረ፤ ብልጭታ የለም። ዲላ እንደ ሰማይ ሰማያዊ የነበረው እሳት ቡሌ ላይ የለም።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሳሁ። ውስጡ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር አልቦታል።

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ተገለጠልኝ። እርጥብ ቅጠል ትኩስ ሞተር ላይ ሲደረብ እንደ ድስት ክዳን እንፋሎቱን ይይዘዋል። ሌሊቱ ሲበርድ ያ እንፋሎት ክዳኑ ውስጥ ገብቶ ውሃ ይሆናል። ውሃ ባለበት እሳት መንገዱን ይስታል፤ ወደ ካንዴላ መሄዱን ትቶ በውሃው ላይ ይፈስሳል። ሞተሪኖው ደግሞ የደከመውን ባትሪ ሲጎትተው ለእሳቱ የሚተርፍ ኃይል የለም። በቁልቁለት ስትገፋ ግን ሞተሪኖው አይሠራም፣ የባትሪው ኃይል ሁሉ ወደ እሳቱ ይሄዳል፤ እየተንተፋተፈች ትነሳለች። ዲላ እስክትደርስ በራሷ ሙቀት ትደርቃለች። እኛም ደርቃ ነበር የምናያት።

መጥረጊያ ጨርቅ ብዬ ኪሴን ብዳብስ ያለው ሁሉ በዘይት የራሰ ነው። ነጠላዬ የቤተ ክርስቲያን ናት። ሻሼን ከራሴ ፈታሁ፣ ፀጉሬን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ በሻሹ ክዳኑን ውስጥ ውስጡን እስኪደርቅ ጠረግሁት፣ ፑንቲናዋንም አደረቅሁ። “በስመ አብ በል አዙራት” አልኩት። እሱም እንደ ጋሼ በራሶ ጴንጤ መሆኑን ረስቼ። በስመ አብ ብሎ አዞረ።

ተነሳች!

እልል ልል አፌን ስከፍት የጅግሶን ፊት አየሁት። ደስ አላለውም። መሪውን ይዞ ቅጠሎቹን ያያል።

“እኔ ነኝ እንግዲህ ያሳመምኳት” አለ።

ቁልቁለቱን ወደ ዲላ ወረድን። ክትባቱን ባለሙያዋ በበቅሎ ሄዳ እንድትሰጥ ተውንላት፤ አቶ ደምሴ ቃሌን እየጠበቁ ነው። ከመንገዱ እኩሌታ በኋላ ጅግሶ ተናገረ።

“እህቴ። ክዳኑ ተሰንጥቆ ነበር በይላቸው። አንዲት ቃል ናት።”

“አልተሰነጠቀም።”

“አውቃለሁ አልተሰነጠቀም። እውነቱን ካወቀ ግን ውሸታም ብሎ ሊያባርረኝ የነበረው ሰው አሁን የመንግሥት መኪና አበላሸህ ብሎ ያባርረኛል። እሱ ይብሳል።”

ልክ ነበር። ይህን የማላውቅ አይምሰላችሁ። ለማለት የሚቀል ነገር ነበር፤ የክዳን ስንጥቅ ማንም መርምሮ አያጣራም። ግን ሐሰት መመስከር ደግሞ አልችልም፤ ማታ ረድኤት የለመንኩት አምላክ ፊት በምን አፌ ልቆም? “ጅግሶ፣ አልችልም” አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አልተቆጣም። ያለመቆጣቱ ነው የባሰብኝ።

ግቢ ስንገባ ጋሼ በራሶ ዱላቸውን ተደግፈው የጎማ ክምር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የታመመ ወገባቸውን ይዘው ከጪጩ በሚኒባስ መጥተዋል። ከጂፕዋ ዘልዬ ወርጄ ቶሎ ቶሎ ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆዩና ሳቁ፤ ሲስቁ ደግሞ ወገባቸውን ያዙ።

“ምን ልበል ጋሼ? ልዋሽ አልችልም። እንጀራውን ልቁረጥበትም አልችልም።”

“እውነቱን ንገረው። ግን ከመሀል አትጀምር። ቅጠል መሀል ነው። ከሜዳው ጀምር።”

አቶ ደምሴ ከቢሯቸው ወጡ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ጅግሶ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ።

“እህስ ወይዘሪት አስካለ? ጤነኛ ናት?”

“ጧት ታማ አገኘኋት። ጅግሶ አልዋሸም።”

“ምን ሆና?”

“የምታድረው ሜዳ ላይ ነው። ጣራ የለም፣ ግድግዳ የለም። ውርጭ ይጥላል። ጅግሶ ሸራ ጠይቆ የለም ተብሏል። ሲያጣ በእንሰት ቅጠል ሸፈናት። የቅጠሉ እርጥበት የእሳት ማከፋፈያው ውስጥ ገባ። ይኸው ነው፤ አንድም አልጨመርኩም፣ አንድም አልቀነስኩም።”

አቶ ደምሴ ቀስ ብለው ወደ ጅግሶ ዞሩ።

“ቅጠል። የመንግሥት መኪና ሞተር ላይ ቅጠል።”

“አዎ ጌታዬ።”

“ስለዚህ ጥፋቱ የሱ ነው” አሉኝ።

“ቅጠሉ የሱ ነው። ሜዳው የኛ ነው” አልኳቸው።

ጋሼ በራሶ በዱላቸው አጠገባቸው ያለውን ክምር መታ መታ አደረጉ። አሮጌ ጎማዎች ናቸው፤ የሚጣሉ። ከላይ ሰፊ ሸራ ተጥሎባቸዋል፣ አራት ማዕዘኑ በድንጋይ ተይዟል።

“ነይ ደምሴ” አሉ፣ “ይሄ ጎማ ብርድ ይፈራል?”

አንዱ መካኒክ ሳቁን አፍኖ ወደ መኪና መጠገኛው ጉድጓድ ወረደ። አቶ ደምሴ ሸራውን አዩት፤ ጎማውን አዩት፤ ጅግሶን አዩት። ፊታቸው ቀላ።

“እኔ’ኮ በዓይኔ ነው ያየሁት” አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። “በአንድ ንክኪ ነው የምትነሳው። ሁልጊዜ።” ቁልፉን በጣታቸው ሲያገላብጡ ቆዩና ለጅግሶ ወረወሩለት። “ሸራውን ውሰድ። ቅጠል የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳላይ። መጠለያ እንዲሠራላት አዝዛለሁ። ሂድ አሁን፤ ሰው እየጠበቀህ ነው።”

ጅግሶ ገብቶ ቁልፉን አዞረ።

ቅጭ።

ደግሞ አዞረ። ቅጭ፤ ከዚያ ምንም። እነዚያ ሁሉ ጧቶች ባትሪውን ጨርሰውታል፤ የመጨረሻ ትንፋሹን ቡሌ ላይ ለኔ ሰጥቶኝ ኖሯል። ጅግሶ ከመስታወቱ ጀርባ አንገቱን አቀረቀረ። ጋሼ በራሶ ከወንበራቸው ሊወድቁ እስኪደርሱ ሳቁ።

“እሰይ! አሁን በዓይንሽ አየሽ!” አሏቸው።

አቶ ደምሴ ቆመው አዩ። ከዚያ፣ ሙቀት ሲቀጠቅጥ እንኳ ወልቆ የማያውቀውን ኮት አወለቁና ለኔ ሰጡኝ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሄደው የጂፕዋን ጀርባ በሁለት እጃቸው ያዙ። ይህን ያዩ መካኒኮች ሁሉ ከየጉድጓዱ እየወጡ ከበቧት። እኔም ኮቱን ጋሼ በራሶ ጭን ላይ ጥዬ ገባሁ። የግቢው በር ወደ አስፋልቱ ቁልቁል ነው፤ “ግፋ! ግፊ! ግፉ!” እያሉ ጋሼ በራሶ ከወንበራቸው ያዝዙናል። ጂፕዋ መጀመሪያ አልነቃነቅ አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እየፈጠነች ከእጃችን ወጣች። ጅግሶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ተንተፋተፈች፣ አቶ ደምሴ ነጭ ሸሚዝ ላይ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ያዘች።

“ሸራው!” ብለው ጮኹ አቶ ደምሴ።

ራሳቸው ተመልሰው ከጎማው ላይ ገፈፉት፤ ድንጋዮቹ ተንከባለሉ። ሸራውን አቅፈው፣ ጫፉ አፈር ላይ እየተጎተተ፣ ከኋላዋ ሮጡ። በሩ ላይ ደርሰው በኋለኛው በኩል ወረወሩላት። ጅግሶ እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበ። አልቆመም። ቢቆም ትጠፋበታለች፤ ሽቅብ ወደ ቡሌ እየነዳት ሄደ።